የኔፍሮቲክ ሲንድሮም መንስኤዎች በሕፃናትና በአዋቂዎች

ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ራሱን የቻለ አንድ በሽታ ሳይሆን፣ የኩላሊት ማጣሪያ ሲጎዳ በአንድነት የሚታዩ ምልክቶች የሚጠሩበት ስም ነው። ጤናማ ኩላሊት ደምን ሲያጣራ ቆሻሻውን በሽንት አስወግዶ ፕሮቲኑን በደም ውስጥ ያስቀራል። ማጣሪያው ሲጎዳ ግን አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ከሽንት ጋር ይወጣል። በዚህም ምክንያት በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን ይቀንሳል፤ ሰውነት ጨውና ውሃ ያጠራቅማል፤ የደም ኮሌስትሮልም ከፍ ይላል።

ምልክቶቹ

በሕፃናት ላይ እብጠቱ በአብዛኛው የሚጀምረው በዓይን ዙሪያ ሲሆን፣ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ጎልቶ ይታያል። ከዚያም ወደ ሆድና ወደ እግር ይዘልቃል። በአዋቂዎች ላይ ቁርጭምጭሚትና እግር ያብጣሉ። ሽንት አረፋ ይበዛዋል፤ የሰውነት ክብደትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨምራል።

ይህ እብጠት እንደ አለርጂ፣ እንደ ዓይን ሕመም ወይም በምግብ እጥረት እንደሚመጣ እብጠት ሊቆጠር ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል የሽንት ምርመራ ነው፤ በኔፍሮቲክ ሲንድሮም የተያዘ ሰው ሽንት ውስጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ፕሮቲን ይገኛል። በአዋቂዎች ይህ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3.5 ግራም በላይ ነው።

በሕፃናት ላይ የሚታዩ መንስኤዎች

ከ1 እስከ 10 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዋነኛው መንስኤ አነስተኛ ለውጥ የሚባለው የኩላሊት ሕመም ነው። ስያሜውን ያገኘው የኩላሊቱ ናሙና በተለመደው ማይክሮስኮፕ ሲታይ ጤናማ ስለሚመስል ነው። ሕመሙ ከሰውነት የመከላከል ሥርዓት መዛባት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በወላጅ ቸልተኝነትም የሚመጣ አይደለም። አብዛኞቹ ሕፃናት ፕሬድኒሶሎን በተባለው መድኃኒት በ4 ሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ። ሆኖም ሕመሙ ደጋግሞ ሊያገረሽ ስለሚችል ክትትሉ ረጅም ነው።

ለመድኃኒቱ ምላሽ በማይሰጡ ሕፃናት ላይ የኩላሊት ማጣሪያው ጠባሳ መያዝ ወይም በዘር የሚተላለፍ ችግር ሊኖር ይችላል። ሕመሙ በተወለዱ በ3 ወራት ውስጥ ከታየ መንስኤው በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ ነው፤ አልፎ አልፎም በእርግዝና ወቅት ከእናት በተላለፈ ቂጥኝ ሊከሰት ይችላል።

በአዋቂዎች ላይ የሚታዩ መንስኤዎች

በአዋቂዎች ሕመሙ ከኩላሊቱ ብቻ ሊነሳ ወይም የሌላ በሽታ መዘዝ ሊሆን ይችላል። ከሌሎች በሽታዎች መካከል ቀዳሚው ለረጅም ጊዜ ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም ነው። ሌሎቹ መንስኤዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ኢንፌክሽን፦ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ ቂጥኝ እንዲሁም ለረጅም ጊዜ የቆየ ቢልሃርዚያ፤
• የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃባቸው ሕመሞች፦ በተለይ ወጣት ሴቶችን የሚያጠቃው ሉፐስ፤
• መድኃኒቶች፦ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አዘውትሮ መውሰድ፤
• ሜርኩሪ ያለባቸው የቆዳ ማቅያ ቅባቶች፤
• አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች።

በአዋቂዎች መንስኤውን በትክክል ለመለየት ብዙ ጊዜ ከኩላሊት በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። በሕፃናት ግን ሕክምናው በአብዛኛው ያለዚህ ምርመራ ይጀመራል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

እብጠቱ ስለጎደለ ብቻ መድኃኒት ማቆም አይገባም። ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት አስጊ ሊሆን ስለሚችል፣ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ትዕዛዝ ነው። ጠበል የሚጠመቁ ታካሚዎችም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ሊቀጥሉ ይገባል። ጨው መቀነስ እብጠቱን ለመቆጣጠር ይረዳል።

ሕመሙ ለኢንፌክሽንና ለደም መርጋት ያጋልጣል። ስለሆነም ትኩሳት፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ሕመም ወይም የሽንት መጠን በእጅጉ መቀነስ ሲያጋጥም በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በልደታ ማርያምና በአካባቢው የሚኖሩ ነዋሪዎች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው በሚገኝ ጤና ጣቢያ የሽንት ምርመራ ማድረግ ይችላሉ። ተጨማሪ ምርመራ ሲያስፈልግ ጤና ጣቢያው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይልካቸዋል። በዚያው በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለሕፃናትና ለአዋቂዎች የኩላሊት ሕክምና ይሰጣል። ታካሚዎች የሪፈር ወረቀት፣ ቀደም ሲል የተሠሩ የምርመራ ውጤቶችንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ቢቀርቡ ሐኪሙ መንስኤውን ለመለየት ይረዳዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን ሊይዙ ይገባል።

መንስኤው ሳይታወቅ የቆየ ሕመም ኩላሊትን እስከ መጨረሻው ሊያዳክም ይችላል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ቢጀመርም፣ ሕክምናው ኩላሊት የሚለግስ ሰውና የዕድሜ ልክ መድኃኒት ይጠይቃል። በዓይን ዙሪያ ወይም በእግር ላይ የታየ እብጠትን በጊዜ መመርመር ብዙዎችን ከዚህ ደረጃ ሊታደግ ይችላል። ሕፃናትን በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንታቸው ማስከተብም ከመንስኤዎቹ አንዱ ከሆነው ሄፓታይተስ ቢ ይጠብቃቸዋል።