ቡናና ዚክር፦ ከመካ እስከ ዲላ

በኅዳር የዲላና የይርጋጨፌ ጓሮዎች፣ ከእንሰቱ ጎን፣ በጥላ ዛፍ ሥር ቀይ እሸት ቡና ይለቀምባቸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ያደረገው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ይህ ነው። ፍሬው ግን በእስልምና ታሪክ ብርቱ ክርክር አስነስቷል።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ቡና የሚጠጡት ሌሊቱን በዚክር፣ ማለትም አላህን በማውሳት፣ ነቅተው ለማደር ነበር። ስኒው ቡና ቤት ሲገባ ጨዋታና ቁማር ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካው ሹም ኻኢር ቤይ ዑለማዎችን ሰብስቦ ቡናን አገደ፤ የተገኘውም በአደባባይ ተቃጠለ። የሹሙ የበላይ ከነበረው የካይሮ ሱልጣን የመጣው ትእዛዝ ግን መጠጡን ትቶ በሰበቡ የሚደረገውን ስብሰባ ብቻ ከለከለ። አስተዋይ ፍርድ ነበር፤ ልብን ከአላህ ያዘናጋው ፈንጠዝያው ነበርና።

ዛሬ ለዲላ ሙስሊም ነጋዴ ይኸው የመዘናጋት ፈተና የሚመጣው ከቡናው ገንዘብ ጋር ነው። ገበያው ሲደራ ሰላት እንዳያልፈው፣ ዘካ የሚያስወጣ መጠን ደርሶ ዓመት ከሞላው የንግድ ሀብቱም 2.5 በመቶ ዘካ እንዲያወጣ ሃይማኖቱ ያዘዋል።