ከድንጋይ ደወል እስከ በገና፦ የንዝረት ዕውቀት በወሎ ደጋ

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሲቆይ፣ የዛሬው ደቡብ ወሎ የሚገኝበትን ቤተ አምሐራን አይቷል። በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ ካሰፈራቸው ነገሮች አንዱ የአብያተ ክርስቲያናቱ የድንጋይ ደወል ነው። በጣና ደሴቶችና በላሊበላ ዛሬም አለ፤ ረጅም ጥርብ ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሎ በሌላ ትንሽ ድንጋይ ይመታል።

ድንጋዩ ሲመታ ዓይን በማያየው መጠን ይጎብጣል። ጥንካሬው መልሶ ያቃናዋል፤ ግን ቀጥ ባለበት አይቆምም፣ አልፎ ወደ ሌላው ወገን ይጎብጣል። በጎበጠ መጠን የሚመልሰው ኃይልም በዚያው ልክ ይበረታል። በትምህርት ቤት ሲምፕል ሃርሞኒክ ሞሽን የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህም ዲያቆኑ ጎሸም ቢያደርገውም አበርትቶ ቢመታውም የድምፁ ቅጥነት ያው ነው፤ የሚለየው ጩኸቱ ብቻ ነው። ለእኔ ከጠቅላላው ነገር እጅግ የሚደንቀው ይህ ነው።

አሰቃቀሉም ዕውቀት ይጠይቃል። ውፍረቱ እኩል የሆነ ድንጋይ አግድም ሲሰቀል፣ ከየጫፉ የርዝመቱን 22 በመቶ ያህል ገባ ብሎ የማይንቀሳቀስ ቦታ አለው። ገመዱ እዚያ ከዋለ ድምፁ ይረዝማል፤ መሃሉ ላይ ከታሰረ ይታፈናል። ጆሮ ያለው ሰው ገመዱን ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተ ያገኘዋል።

አውሮፓ የክርን ንዝረት በሒሳብ የጻፈችው ከአልቫሬዝ ጉዞ መቶ ዓመት ያህል ዘግይታ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ መርሰን በ1636 የክርን ሕግ አሳተመ፦ ክር በግማሽ ሲያጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፤ በማጥበቅ ያንኑ ለማግኘት ግን ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ማሲንቆ መቺ ክሩን በጣቱ ያሳጥራል፤ ክራር ደርዳሪ መቃኛውን ያጠብቃል፤ በብርድና በእርጥበት የላላ ከበሮም እሳት ዳር ይሞቃል፣ ቆዳው ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። ሕጉ አንድ ነው።

ጋሊልዮ ደግሞ በ1638 ስለ ሬዞናንስ ሲያስረዳ ደወልን ምሳሌ አደረገ፦ ከባድ ደወልን አንድ ሰው ጊዜውን ጠብቆ በጥቂት በጥቂቱ ሲገፋው በኃይል ይወዛወዛል። የማሲንቆ ደጋንም የፈረስ ጭራውን ክር ይዞ እየለቀቀ ጉልበት የሚመግበው ልክ በጊዜው ነው። ክሩ ብቻውን አየሩን እምብዛም አይገፋም፤ ቆዳ የለበሰው ሣጥን አብሮት ሲርገበገብ ነው የአምባሰል ቅኝት ቤቱን የሚሞላው። በገና ላይ ያለችው እንዚራም ቁራጭ ቆዳ ናት፤ በክሩና በድልድዩ መሃል ገብታ፣ ክሩ በተርገበገበ ቁጥር እየነካካት ቀጫጭን ድምፆችን ትፈለቅቃለች፤ ያ ጥዝዝ የሚለው ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ተማሪዎቻችን ግን ንዝረትን ከሞላ ጎደል በስፕሪንግና በፔንዱለም ሥዕል ይማሩታል፤ ይህ ያሳዝነኛል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው። የፊዚክስ ተማሪዎቹ በዙሪያቸው የሚያገኙትን ደወል፣ ከበሮና ማሲንቆ ድምፅ በስልክ ቀድተው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ቢለኩ፣ የድንጋዩን ርዝመት፣ ውፍረትና የገመዱን ቦታ አብረው ቢመዘግቡ፣ ደወሉ ቢሰነጠቅ ወይም በብረት ቢተካ እንኳ አሠራሩ ተጽፎ ይገኛል።