በልብ ድካም ሕመምተኞች ዘንድ የሰውነት ክብደትና የዕድሜ ርዝመት፤ አጭር የታሪክ ምርመራ

የልብ ድካም ማለት ልብ ፈጽሞ ቆመ ማለት አይደለም፤ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም ማሠራጨት አቃተው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ቢወፍር ይሻለዋልን ወይስ ቢከሳ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሐኪሞች በየዘመኑ የሰጡት መልስ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖ ስላገኘነው፥ ግጭቱ ከምን እንደ መጣ ለመመርመር ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሂፖክራጥስ ስም በሚጠሩት የጥንት ግሪክ ጽሑፎች ውስጥ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። በአንድ ስፍራ፥ በተፈጥሮ እጅግ የወፈሩ ሰዎች ከቀጫጮቹ ይልቅ ፈጥነው እንደሚሞቱ ተጽፏል። በሌላ ስፍራ ደግሞ ሆዱና እግሩ በውኃ እያበጠ፥ ትከሻው፥ ደረቱና ጭኑ ግን እየቀለጠ ስለሚሄድ ሕመምተኛ ተነግሯል። አንባቢ ይህን ሁለተኛውን ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሊያብጥም ሊከሳም ይችላል፤ ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን የሚነበበው ቁጥር አንድ ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ በ1785 ዓ.ም. ስለ ፎክስግላቭ ተክል፥ ማለት ስለ ዲጂታሊስ መድኃኒት፥ መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ያሳሰበው ውኃው ነበር። መድኃኒቱ ሽንትን ያበዛል፤ እብጠቱ ይጎድላል፤ ሕመምተኛውም ይቀለዋል። ዊዘሪንግ ተክሉ በልብ አመታት ላይ ኀይል እንዳለው አስተውሏል። እንዲሁም ሰውነቱ የጠነከረ፥ ቆዳው የሚሞቅና ፊቱ የቀላ ሰው ከዚህ መድኃኒት እምብዛም እንደማይጠቀም ጽፏል። የሰውነት ሁኔታና የሕክምናው ውጤት ተያያዥ መሆናቸውን ያየው እንግዲህ በዓይኑ ነው እንጂ በሚዛን አይደለም።

ቁጥሩ የመጣው ከሌላ በር ነው። ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ1830ዎቹ ዓመታት «መካከለኛውን ሰው» ለማወቅ ሲል ክብደትን ከቁመት ጋራ ያነጻጽር ነበር። ክብደት በኪሎ ተወስዶ፥ በሜትር ለተለካው ቁመት ካሬ ይካፈላል። ይህን ስሌት የሰውነት ክብደት መለኪያ ብሎ ስም ያወጣለትና ያስፋፋው አሜሪካዊው አንሰል ኪስ ነው፤ ዘመኑም 1972 ነበር። በመካከሉ ሜትሮፖሊታን ላይፍ የተባለው የአሜሪካ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ዕድሜ ያስረዝማል ያለውን ክብደት በሰንጠረዥ አውጥቶ ነበር፤ የ1959ኙ ሰንጠረዥ በተለይ የታወቀ ነው። የኢንሹራንስ ሰው የሚፈልገው ደንበኛው መቼ እንደሚሞት ማወቅ ነውና፥ ውፍረት ዕዳ ተብሎ ተመዘገበ።

ይህ ፍርድ ስሕተት አልነበረም። በ1948 የተጀመረው የፍራሚንግሃም ጥናት 5,881 ሰዎችን በአማካይ 14 ዓመት ያህል ተከታትሎ በ2002 በታተመው ውጤቱ፥ ከመጠን በላይ የወፈሩት ሰዎች በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ መሆኑን አሳየ።

እንቆቅልሹ የሚነሣው ሕመሙ ከያዘ በኋላ ነው። በ1997 የታተመ አንድ ጥናት 171 የልብ ድካም ሕመምተኞችን መርምሮ፥ 28ቱ ሳይፈልጉ እጅግ የከሱ ሆነው አገኘ። ከከሱት በ18 ወር ውስጥ ግማሾቹ ሲሞቱ፥ ካልከሱት ግን የሞቱት ከመቶ 17 ብቻ ናቸው። በ2001 ደግሞ ሕመማቸው በጸናባቸው 1,203 ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ወፍራሞቹ ከሌሎቹ የባሰ ሞት አልደረሰባቸውም። ከዚያ በ2005 የዲጎክሲን ፈተና መዝገብ ተገለጠ። ዲጎክሲን የዊዘሪንግ ተክል ዘር ነው፤ ፈተናውም መድኃኒቱን ለመመዘን ነበር እንጂ ሰውን ለመመዘን አልነበረም። ከ7,767 ሕመምተኞች መካከል ከልክ በታች ከሲታ ከሆኑት ከመቶ 45 ሲሞቱ፥ ከመጠን በላይ ከወፈሩት የሞቱት ከመቶ 28 ያህል ሆኑ። ነገሩም «የውፍረት እንቆቅልሽ» ተባለ።

በአገራችን ጠያቂ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ቶሎ ከሚያነሣው ነገር አንዱ «ምነው ከሳህ?» የሚል ነው። የጠያቂውን ፍርሃት ሊቃውንቱ በቁጥር የደረሱበት በብዙ ድካም ነው።

ሆኖም ስብ ልብን ያድናል ብሎ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም። ቁመቱ 1.70 ሜትር፥ ክብደቱም 64 ኪሎ የሆነ ሰው እናስብ፤ መለኪያው 22.1 ይሆናል። ይኸው ሰው 10 ኪሎ ውኃ ቢቋጥር መለኪያው 25.6 ደርሶ ከወፍራሞቹ ተራ ይገባል፤ አንዲት ፍሬ ስብ ግን አልጨመረም። በሌላም ወገን፥ የከሳው ሰው የሞተው ስለ ከሳ ሳይሆን፥ የከሳው ሕመሙ ወደ ሞት ስላደረሰው ሊሆን ይችላል። ወፍራሙ ደግሞ ዳገት ሲወጣ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋልና፥ ሕመሙ ገና ሳይጸና ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያላቸው የመሰሉን እነዚህ ምክንያቶች ናቸው።

እዚህ ላይ የዕድሜንም ልዩነት መዘንጋት አይገባም። በ2012 በታተመው፥ ኢትዮጵያ ባለችበት የዘጠኝ አፍሪቃ አገሮች ጥናት የ1,006ቱ ሕመምተኞች አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ነበር፤ በዲጎክሲኑ መዝገብ ያሉት ግን በአማካይ ከ60 ያለፉ ናቸው።

በ2023 የታተመ ሌላ ምርመራ ከሚዛን ይልቅ ወገብ የሚለካበትን ሜትር አነሣ። የሕመሙ ጽናትና ሌሎች ምክንያቶች ሲታሰቡ የወፍራሞቹ ብልጫ ጠፋ። የወገብ ልክ ከቁመት ጋራ ሲነጻጸር ደግሞ፥ ወገበ ሰፊዎቹ በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆነ።

ሚዛኑ ግን ከሕመምተኛው ቤት አልወጣም። ዛሬ የልብ ድካም ያለበት ሰው በየማለዳው ሽንቱን ሸንቶ፥ ቁርስ ሳይቀምስ እንዲመዘን ይታዘዛል። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ሐኪሙን ይጠራል፤ እንዲህ ፈጥኖ የሚጨምረው ዊዘሪንግ ያሳደደው ውኃ ነውና።