ከጠንጃ እስከ መካ፦ የአሥራ ሰባት ወርና የስድስት ሰዓት መንገድ



ከሞሮኮዋ የጠንጃ ከተማ እስከ መካ ያለው የአየር ርቀት 4,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መካ የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት የዛሬ ሑጃጅ የሚያርፉት ጂዳ ወይም መዲና ነው። ይህን ያህል ርቀት አውሮፕላን በስድስት ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል።

ታላቁ ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ (አላህ ይዘንለት) ሐጅን ነይቶ ከጠንጃ የወጣው በረጀብ ወር 725 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1325) ነበር። ያኔ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ወደ ቱኒስ ሲጓዝ ትኩሳት ጠናበትና እንዳይወድቅ ራሱን በጥምጣሙ ከኮርቻው ጋር አሰረ። ቱኒስ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወዳጁን ሲቀበል እርሱን ሰላም የሚለው በማጣቱ አለቀሰ። ይህን ያየ አንድ የሐጅ መንገደኛ ቀርቦ ሰላምታ ሰጠው፤ ከተማዋ እስኪገቡም እያጽናናው አብሮት ሄደ።

ከካይሮ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ለመሻገር ዐይዛብ ወደብ ቢደርስም በበጃው ገዥና በመምሉኮች መካከል በተነሳው ጦርነት ምክንያት መርከብ አጣ። ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ ወደ ደማስቆ አቀና። በሸዋል 726 ከሶሪያ ሑጃጅ ጋር ተነስቶ መዲናን ዘየረ፤ ዙልሑለይፋ ላይ ኢሕራም አሰረ። ለዐረፋ የበቃው ከቤቱ በወጣ በአሥራ ሰባተኛው ወር ነው።

ከሐጁ በኋላ እስከ ህንድ ዘልቆ ወደ ሞሮኮ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1349 ነው። አባቱ መሞታቸውን በመንገድ ሳለ ሰማ። እናቱም እርሱ አገሩ ሳይደርስ አርፈው ነበር። ያ የወጣትነት ስንብት ለካ የመጨረሻው ኖሯል።

እህት ወንድሞች! የዚያ ዘመን ሑጃጅ መመለሱን እርግጠኛ ስላልነበረ ዕዳውን ከፍሎ፣ አማናውን መልሶ፣ ተናዞና አፉ ተባብሎ ይወጣ ነበር። ሶብርን ደግሞ መንገዱ ራሱ ያስተምረው ነበር። ዛሬ ግን ለዚህ ሁሉ በአየር ላይ ጊዜ የለም። ሚቃቱ እንኳ በበረራ ላይ በደቂቃዎች ይታለፋል፤ ቀድሞ ያልተዘጋጀ ሰው ኢሕራም ሳያስር ሊያልፈው ይችላል።

አውሮፕላን መንገዱን አሳጠረልን፤ አልሐምዱሊላህ! የሰው ሐቅ ግን በመንገዱ ማጠር አይቀልም። ስለዚህ በቤታችሁ ለሐጅ የሚሰናዳ ካለ ከሻንጣው በፊት ዕዳው ይታሰብ፤ የተኳረፈውም ይታረቅ፤ የሐጁንም ሥርዓት ከዑለማ ይማር። አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ሸኚ የሌላቸው እናት ወይም አባት ካየም ቀርቦ ሰላም ይበላቸው። ያ ስሙ ያልታወቀ መንገደኛ ለአንድ ብቸኛ ወጣት የሰጠው ሰላምታ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነውም ዛሬም ይወሳል።

አላህ ለቤቱ ዚያራ ይወፍቀን፤ የሄዱትንም ይቀበላቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።