አምባሰል ላይ በድንጋይ የተባረረው እንግዳ

ጊዜው 1520፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። (ካልተገለጸ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥቂት ፖርቱጋሎች በቅሎና ጭነታቸውን ይዘው፣ ከምጽዋ ተነስተው፣ በትግራይና በአንጎት አልፈው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ይወርዳሉ። አምባ ግሸን ግርጌ ሲደርሱ ወደ ተራራው ጠጋ አሉ። የአካባቢው ሰው ጮኸባቸው፤ ድንጋይ ወረደባቸው። የንጉሥ እንግዶች መሆናቸው አላዳናቸውም።

ይህን የምናውቀው ከመካከላቸው አንዱ፣ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አንድም ነገር ሳይንቅ የሚመዘግብ ሰው ስለነበረ ነው። በድንጋይ መባረሩን እንኳ አልደበቀም፤ በመጽሐፉ የአንዱ ምዕራፍ ርዕስ ላይ አስፍሮታል።

ገበሬዎቹ ጨካኞች ስለነበሩ አይደለም የወረወሩት። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ያ አምባ የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች የሚጠበቁበት እስር ቤት ነበር። ዙፋን ላይ አንዱ ሲወጣ፣ ሌሎቹ ጦር ሰብስበው እንዳይነሱበት እዚያ ይዘጋባቸዋል። ወደ ገደሉ የቀረበ ሰው ቅጣቱ እጅና እግር መቆረጥ ወይም ዓይን መውጣት እንደሆነ ለአልቫሬዝ ነግረውታል። ስለዚህ ድንጋይ የወረወረው ገበሬ ራሱን እያዳነ ነበር። እንግዳ ሲያልፍ ዝም ብሎ ቢያይ፣ ነገ የሚጠየቀው እሱ ነው።

አልቫሬዝ ስለ አምባው ሌላም ሰምቷል። ከመሳፍንቱ ለንጉሡ መልእክት ይዞ የመጣ አንድ መነኩሴ እንዴት እንደተገረፈ፤ አሳለፋችሁት የተባሉ ዘበኞችም እንዴት አብረው እንደተገረፉ። አንድ የንጉሡ ወንድም፣ ገና ልጅ፣ አምልጦ ሲወጣ ለምን ሸሸህ ተብሎ ሲጠየቅ ረሃቡን እንደተናገረ፤ ንጉሡም ጥሩ ልብስ አልብሶ መልሶ እንደሰደደው። ሌላው አምላጭ የንጉሡ አጎት ነበር። ቅጠልና ቅርንጫፍ ተሸፍኖ ሲወርድ፣ እርሻ ላይ ያሉ ሰዎች ቁጥቋጦ ሲንቀሳቀስ አይተው አስያዙት።

ወደዚህ ታሪክ በኋላ እንመለሳለን፤ አውሮፓ ከዚህ ረሃብ ምን እንደሠራ ማየት ያስፈልጋልና።

መልእክተኞቹ የመጡት በሮድሪጎ ደ ሊማ መሪነት ነው። ንግሥት እሌኒ ቀደም ብላ ወደ ፖርቱጋል የላከችው ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ አብሯቸው ነበር፤ ኤርትራ ምድር እንደደረሱ ግን ሞተ። እስከ ንጉሡ ሰፈር የመራቸው ጸጋ ዘአብ የተባለ መነኩሴ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው በየመንደሩ ያለ ገበሬ ነበር፤ የሚበላውንም የሚያቀርበው እሱ ነው። ሹሙ ሲያመነታ መነኩሴው በዱላ ያስገድዳል፤ አልቫሬዝም ይህን እያየ ይመዘግባል። የእንግዳ ተቀባይነታችንን ታሪክ ስንተርክ የዚያን ጊዜ ገበሬ ጀርባ እምብዛም አናነሳም።

ጉዞው ሐይቅን አገኘ። ቄሱ ሐይቁን፣ በመካከሉ ያለውን ደሴትና የእስጢፋኖስን ገዳም ይገልጻል። ብዙ መነኮሳት አሉ፤ ሎሚው፣ ብርቱካኑና ትርንጎው የበዛ ነው። ሰው የሚሻገረው ከደንገል በተሠራና ትልልቅ ቅሎች በታሰሩበት ታንኳ ነው። የባሕር ሰው የሆነ ፖርቱጋላዊ ይህን ሲያይ በሆዱ ሳይስቅ አልቀረም፤ ሰዎቹ መርከብ መሥራት አያውቁም ብሎ ማለፉ አልቀረምና። ውኃው ውስጥ ስላለው ትልቅ አውሬም ጽፏል። ስሙን የመዘገበው በፖርቱጋልኛ ፊደል «ጎማራ» ብሎ ነው። ከ500 ዓመት በፊት ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው ጣቱን ዘርግቶ «ጉማሬ» ሲል ይሰማል። ዛሬ ጉማሬ አያለሁ ብሎ ወደ ሐይቅ የሚሄድ የለም።

አልቫሬዝ ያየው ገዳም ያኔም አሮጌ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያደረጁት፣ ለብዙ ገዳማት መሥራቾችን ያፈራ ትምህርት ቤት ነው። ቄሱ ግን የገዳሙን የትምህርት ታሪክ አልጠየቀም፤ ፍራፍሬውንና ታንኳውን አየ። መንገደኛ የሚያየው እንዲህ ነው፤ ዋጋውም እዚያ ላይ ነው። ስለ ኢየሱስ ሞዐ ገድሉ ይነግረናል፤ በ1520 ደሴቲቱ ላይ ትርንጎ እንደነበረ ግን ገድል ጸሐፊ ለማን ብሎ ይጽፋል?

ሰፈሩ ከደረሱ በኋላ ሕይወታቸው ሌላ መልክ ያዘ። ልብነ ድንግል ገና 23 ዓመት ገደማ ወጣት ነበር፤ እንግዶቹን ሳያያቸው ብዙ ቀን አስጠበቃቸው፤ ግን በየጊዜው ጥያቄ ይልክባቸዋል። ፖርቱጋሎቹም እርስ በርሳቸው ተጣሉ። ደ ሊማና ጆርጅ ደ አብሬው የሚባለው ባልደረባው ጠባቸው ሰይፍ እስከ መማዘዝ ደረሰ፤ ንጉሡ ሊያስታርቃቸው ደከመ። በሰው አገር የተዘጋበት ሰው ጠብ የትም ያው ነው።

ንጉሡ ትግል ማየት ፈለገ። ገብረ ማርያም የሚባል የታወቀ ታጋይ ነበረው። (ታጋይ እዚህ በቀድሞ ትርጉሙ ነው፤ ከፖለቲካው በፊት ቃሉ የስፖርት ነበር።) ፖርቱጋሎቹ ገጠሙት፤ ከእነሱ አንዱ እግሩ ተሰበረ። ያን ቀን ያሸነፈው ባለ አገሩ ነው። አልቫሬዝ ለወገኖቹ አላደላም፤ የሆነውን ጻፈ።

በጥምቀት ግን ተራው የእንግዶቹ ሆነ። ጥር 1521 ለበዓሉ ትልቅ ገንዳ ተቆፈረ፤ ደረጃ ወጣለት፤ ንጉሡ ከመጋረጃው ሆኖ ይመለከታል። የንጉሡ መምህር የነበሩ አዛውንት ካህን ውኃው ውስጥ ራቁታቸውን ቆመው፣ በዚያ ውርጭ፣ የሚገባውን ሁሉ ያጠምቃሉ። ሥርዓቱ ሲያልቅ ንጉሡ ከፈረንጆቹ ዋና የሚያውቅ እንዳለ ጠየቀ። ሁለቱ ዘለው ገቡ፤ እየዋኙ፣ እየጠለቁ ተጫወቱ። ንጉሡ ደስ መሰኘቱ ከፊቱ ይነበብ ነበር። ቀደም ሲል ግን ይኸው ንጉሥና ይኸው ቄስ በየዓመቱ መጠመቅ ይገባል አይገባም እያሉ ተከራክረው ነበር። ክርክሩን ማንም አላሸነፈም።

እዚያ ሰፈር ውስጥ አልቫሬዝ ከእሱ በፊት የመጡ ነጮችን አገኘ። ዋናው ፔሮ ደ ኮቪልሃም ነው። የፖርቱጋል ንጉሥ በስለላ ልኮት፣ በ1490ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ ተቀምጧል። አንድ ነገር ብቻ አልተፈቀደለትም፤ መመለስ። የአገሩን ሰዎች ሲያይ አለቀሰ። በምድራችን የተመቸውና የተከበረው ፈረንጅ በምቾት የታሰረ ሰው መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ አምባው ላይ ያሉት መሳፍንትም በሌላ መንገድ እንዲሁ ነበሩ። የአልቫሬዝ ቡድን ራሱ ስድስት ዓመት ቆየ፤ ምጽዋ ላይ መርከብ እየተጠበቀ፣ እያመለጠ፣ እስከ 1526።

ሲመለሱ ጸጋ ዘአብ አብሯቸው ሄደ፤ የንጉሡ መልእክተኛ ሆኖ። በ1527 ሊዝበን ደረሰ። አሁን እንግዳው እሱ ነው። የፖርቱጋል የሃይማኖት ሊቃውንት ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ ምግብ ሕግ መረመሩት፤ ሥጋ ወደሙ ከለከሉት። ለዓመታት በዚያ ሁኔታ ተቀመጠ። እምነቱን በጽሑፍ ሲያስረዳ፣ ክርስቲያን ሁሉ ከክርስቲያን ጋር በፍቅር መኖር አለበት የሚል አቤቱታ አስገባበት። ይህን ጽሑፍ ዳሚያኦ ደ ጎይሽ የተባለ ፖርቱጋላዊ ምሁር በ1540 በሉቨን አሳተመው። ጸጋ ዘአብ አገሩን ዳግም ሳያይ ሞተ። በዱላ ገበሬ ያስገደደው መነኩሴ ያው ራሱ ነው፤ ስለ መከበር ያንን የመሰለ ቃል የጻፈውም እሱ ነው። ሰው አንድ መልክ የለውም።

የአልቫሬዝ መጽሐፍም ሊዝበን ላይ የታተመው በዚያው በ1540 ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ግን የሚተርከው አገር አልነበረም። የኢማም አሕመድ ጦር በ1531 ሐይቅ ደርሶ ነበር፤ የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ አረብ ፋቂህ ወታደሮቹ ወደ ደሴቲቱ መሻገሪያ እንዴት እንደሠሩና የገዳሙ ሀብት እንዴት እንደተወሰደ ይተርካል። አምባ ግሸን ለጊዜው ተቋቋመ፤ በ1540 ገደማ ግን ተያዘ፤ ላይ የነበሩት መሳፍንት አለቁ። ልብነ ድንግልም በዚያው ዓመት ደብረ ዳሞ ላይ በስደት አረፈ። ለአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ምስክር የሆነውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈው የገዳሙ ወንጌል ግን ከዚያ ሁሉ ተርፏል።

አውሮፓስ ከአልቫሬዝ ምን ወሰደ? ረሃቡን ትቶ ተራራውን። በ1610 ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ፣ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ፣ አምባው ላይ ቤተ መንግሥት፣ ገነት የመሰለ አትክልትና ወሰን የሌለው ቤተ መጻሕፍት አስቀመጠ። ሚልተን በ1667 «የአማራ ተራራ»ን በገነት ግጥሙ ውስጥ አስገባው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 የጻፈው ራሴላስ፣ በተድላ ሸለቆ ውስጥ የተዘጋው የሐበሻ ልዑል፣ የዚሁ ወሬ የልጅ ልጅ ነው። የጆንሰን ልዑል የሚሸሸው ተድላ ሰልችቶት ነው፤ አልቫሬዝ የሰማው ልዑል የሸሸው ርቦት ነው። በ1955 ከኦክስፎርድ የወጣው ወጣቱ ቶማስ ፓክንሃም የራሴላስን ተራራ ፍለጋ ኢትዮጵያ መጥቶ በተራሮቻችን ሲንከራተት ከርሞ፣ በ1959 መጽሐፍ አወጣ። ያመጣው አልቫሬዝ ያየው ሳይሆን ሌሎች የፈጠሩት ነው።

በእኛም ዘንድ ይህ መጽሐፍ የሚጠቀሰው በአብዛኛው ለክርክር ነው። ሐይቅና ግሸን በየትኛው ግዛት ውስጥ እንደነበሩ፣ ወሎ ያኔ ማን ይባል እንደነበር ለማስረዳት አንድ መስመር ይመዘዝና ገጹ ይዘጋል። መስመሩ አለ፤ አልቫሬዝ ያንን አገር አማራ ብሎታል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ከዚያው ገጽ ላይ ስለ ተሸካሚው ገበሬ፣ ስለ ተገረፈው ዘበኛና ስለ ራበው ልጅ የተጻፈውን የሚመዝ የለም። ግዛት ለሚፈልግ ሰው ገበሬ አይታየውም፤ ኡሬታም የተሳሳተው እንደዚሁ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን አልፎ ሄደ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል መንገዶች በሌላ ግጭት ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ። ካርታ ይዞ ከዋናው መንገድ ወጣ የሚል ፈረንጅ አይታይም፤ ለአገሬውም ወጣ ማለት ቀላል አይደለም። መንገድ ላይ የቆመ ሰው አዲስ ፊት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከማን ወገን ነህ ነው።

የሐይቅ ደሴት ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዛለች፤ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በእግር ይገባል፤ ሴቶች ግን አሁንም አይገቡም። መስቀል ቅርጽ ባለው ግሸን ደብረ ከርቤ ላይ፣ አልቫሬዝ በድንጋይ በተባረረበት አምባ፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከየአቅጣጫው የመጣ ምዕመን ዳገቱን ይወጣል። መግቢያው አሁንም አንድ በር ነው።