ነቀርሳና የአራስ ቤት ገንፎ

ይቺ ትንሽ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት ደልጊ ያስተማርኩት ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ እማዬ ኬሞ ጀምራለች። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ምግቡን የሚበላው በሽታው ነው፤ ስኳሩንም ሥጋውንም እንቁላሉንም አቁሙባት› ይላል። እሷም እሺ ብላ በቀን አንዴ ትንሽ እንጀራ በሽሮ ቀምሳ ትተኛለች። ምን ላድርግ?»

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። የመጀመሪያው መልሴም «ሐኪሟን ጠይቅ» ነበር። ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምክንያቱም ከዓመታት በፊት ይህንኑ ስህተት በአክስቴ ላይ የሠራሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ በማውቀው መንገድ፣ በታሪክ በኩል፣ ልመልስለት።

ከቃሉ እንጀምር። ካንሰርን የቀደሙት ሰዎች «ነቀርሳ» ይሉታል። ቲቢንም «የሳንባ ነቀርሳ» እንለዋለን። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ አንዱ በጀርም ይመጣል፣ ሌላው የገዛ ሰውነታችን ሴል ልጓሙን በጥሶ ሲባዛ ይፈጠራል። ግን ሁለቱም ሰውን ያከሳሉ፤ ታማሚውን በዓይን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ይህንን ነው።

የሚገርመው የምግቡ ነገር ነው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 እስኪገኝ ድረስ በአውሮፓም በአሜሪካም የሳንባ ነቀርሳ ዋና ሕክምና ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ጠንከር ያለ ምግብ ነበር። እኛም ጋ «ሳንባው ተነክቷል» ከተባለ ወተት ይፈለግለታል፣ እንቁላል ይቀቀልለታል፣ ዶሮ ይታረድለታል። ካንሰር ሲሆን ግን ምክሩ ይገለበጥና «አትብላ» ይሆናል። ለምን?

አንዱ ምንጭ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ ነው፤ ሳይፈልግ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የካንሰር ሴሎች ግሉኮስ በብዛት እንደሚጠቀሙ አሳየ። ግኝቱ እውነት ነው። ከሱ ተነስቶ «ስኳሩን ካቆምክ ካንሰሩ ይራባል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው መብላት ሲያቆም ሰውነቱ የገዛ ጡንቻውን እየናደ ግሉኮስ ይሠራል። ዕጢው ድርሻውን አያጣም፤ የሚያልቀው ክንዱና ጭኑ ነው። ጎተራው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚራበው ሌባው አይደለም፣ ባለቤቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ታተመ። ኬሞ ከመጀመራቸው በፊት ክብደት የቀነሱት፣ ካልቀነሱት ይልቅ ዕድሜያቸው አጭር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ክብደትን መከታተል የሕክምናው አካል እየሆነ መጣ። በ6 ወር ውስጥ ሳይፈልጉ ከ5 በመቶ በላይ መክሳት ዛሬ የአደጋ ምልክት ተብሎ ይያዛል። 60 ኪሎ ለነበረች ሴት ይህ 3 ኪሎ ማለት ነው። ቀሚሷ ሲሰፋ ታዩታላችሁ።

ወደ አገራችን እንምጣ። የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ታሪክ የረሃብና የሕፃናት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ ኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ብዙዎቻችን ያደግንበት ፋፋ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው፤ ስሙም ምኞት ነው። ከዚያ የ66ቱ፣ የ77ቱ ረሃብ መጣ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1996 የፈጠሩት ፕላምፒ ነትም እኛ አገር የገባው ለከሱ ሕፃናት ነው። የክንድ መለኪያዋን ቀበሌ ድረስ እናውቃታለን። ይህ ሁሉ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን በበሽታ የሚከሳ አዋቂ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቦታ አልነበረውም። እሱን የመመገቡ ሥራ ለቤተሰብ ተተወ።

ለዚያ ሰው ደግሞ ስም አለን፦ አስታማሚ። ሆስፒታል ያደረ ሰው ያውቀዋል፤ ፔርሙዙን በአንድ እጅ፣ ምሳ ዕቃውን በሌላው ይዞ ጥበቃውን የሚለምነው እሱ ነው። በአገራችን ለታማሚ ሰው የምግብ እንክብካቤ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ፔርሙዝ ውስጥ ነው የኖረው።

ካንሰር ይህንን ሰበረው፤ ያፈረሰው ርቀቱ ነው። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀመረ፤ ለሃያ ዓመት ያህልም ሌላ ቦታ አልነበረም። ከደልጊ ለሚነሳ ሰው ጣናን በጀልባ ወይም ዙሪያውን በመኪና አልፎ ባሕር ዳር፣ ከዚያም አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ማለት ነው። እዚያ ሲደርስ አስታማሚው ጓዳ የለውም፣ ምድጃ የለውም፣ አጥሚት የምታፈላ ጎረቤት የለችም። ለአልጋ የተከፈለው ከምሳ ላይ ይቀነሳል። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ፣ በኋላም ለሕፃናት የተቋቋመው ተስፋ አዲስ፣ ከክፍለ አገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያና ምግብ ማቅረባቸው ለዚህ ነው። አልጋና ሾርባ የሕክምናው ግማሽ መሆኑን ያወቁት ወላጆች ናቸው።

አሁን ወደ አክስቴ። ከደልጊ ነበረች። ሕክምና ስትጀምር እኔ የተማርኩት የወንድሟ ልጅ ነኝና ሁሉ ሰው እኔን ሰማ። ስልኬ ላይ ያነበብኩትን አምኜ ማሩን፣ ወተቱን፣ እንቁላሉን ከፊቷ አነሳሁ። እሷ አንድም ቀን አልተከራከረችኝም። በሦስተኛው ዙር ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆማት፣ ደሟን አየና «አቅም የላትም፣ መድኃኒቱን ማራዘም አለብን» አለ። ከዚያ ለብቻዬ ጠርቶ «ምን እየበላች ነው?» ሲለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ያ ዙር ተራዘመ፤ ቀጣዩም። ያመለጠው ጊዜ ምን እንደወሰደብን አላውቅም፤ አክስቴ ግን ዛሬ የለችም።

በኋላ እናቴ አንድ ነገር አለችኝ። «እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያበሉት እኮ እናውቃለን። እንደ አራስ ነው።»

አስቡት! አራስ ቤት ውስጥ ያለው ዕውቀት ዛሬ የሥነ ምግብ ባለሙያ ከሚለው ምን ያህል ይርቃል? በቀን ሦስቴ አይደለም፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ገንፎው ቅቤ ይገባበታል። አጥሚቱ ይወፍራል። ሽታ ያስቀየማት ነገር ከአጠገቧ ይርቃል። «አልፈልግም» ስትል አይተዋትም፣ ሌላ ያመጡላታል። ሁልጊዜም አንድ ሰው አብሯት ይቀመጣል።

ባለሙያዎቹ የሚጨምሩት ልክ ነው። በኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን ይላሉ፤ 50 ኪሎ ለሆነች እናት ከ50 እስከ 75 ግራም። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም አለው፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ያህል። አጥንቱ የወጣ 100 ግራም የጣና ቆረሶ ደግሞ ወደ 20 ይጠጋል፤ ደልጊ ሆኖ አሳ መቸገር የለም! አፏ ከቆሰለ በርበሬው ይቅር፣ አልጫ ይሁን፣ ለብ ያለ ይሁን። ኬሞ በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይሰጣት። ስኳር ወይም ኩላሊት ካለባት መጠኑን ሐኪሟ ይወስን።

ጾሙስ? ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነፃ ያወጣል። የንስሐ አባቷ ራሳቸው ይንገሯት፤ ከልጇ አፍ ከምትሰማው ከእሳቸው ብትሰማው ይቀላታል። እሺ ካላለች ግን አትጨቃጨቃት፤ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ሰሊጡ፣ ተልባው በዛ ይበልላት።

ለልጁ የመለስኩለት ይህንን ነው። ትናንት ማታ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ዛሬ ገንፎ ሠራሁላት። ሦስት ጉርሻ በላችና ‹እኔ ወልጄ ነው እንዴ?› ብላ ሳቀች።»

አስታማሚ የሆነ ወዳጅ ካላችሁ ይህን አድርሱልኝ። ልትጠይቁ ስትሄዱም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ብርቱካኑ ይቅርና እንቁላል ያዙ።

ፈጣሪ ለሁሉም ምሕረት ይላክ።