የተነገረና የተሰማ፤ ራዲዮ ከአቃቂ እስከ እጅ ስልክ



በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ገቢና ወጪ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር በየዓመቱ ይጻፋል። እኔ ዘንድሮ ስለ ራዲዮ ታሪክ ለመጻፍ መረጥኩ። ራዲዮንና ዕድርን ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። የሁለቱም ሥራ መናገር ነው። ራዲዮ ለአገር ይናገራል፣ ጡሩምባ ነፊ ለሰፈር ይናገራል። ችግራቸውም አንድ ነው፤ ይኸውም የተነገረው ተሰምቷል ወይ የሚለው ነው።

በአገራችን የራዲዮ ሥርጭት የተጀመረው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ከአቃቂ ነው። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ነበር። ነገሩን ልብ ላለው ይገርማል፤ ኢጣልያ ልትወረን ስትዘጋጅ፣ የኢጣልያ ሰው የሠራው ጣቢያ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም አሰማ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያ ድምፅ ጠፋ። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ሥራው እንደገና ሲጀመር ራዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበረ፣ በየአደባባዩ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሕዝቡ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ያን ጊዜ አድማጩ በዓይን ይታያል። ማን መጣ፣ ማን ትቶ ሄደ፣ ማን ሳቀ፣ ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም።

ኋላ ራዲዮ በየቤቱ ሲገባ ግን አድማጩ ከዓይን ተሰወረ። ተናጋሪው በዝግ ክፍል ተቀምጦ ለማያየው ሰው መናገር ሆነ ሥራው። የአድማጭ ጥናት የሚባለው ሙያ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

በአዲስ አበባ ከዚህ ሙያ ጋር ስሙ የሚነሣው ብሥራተ ወንጌል የተባለው ጣቢያ ነው። የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን አቋቁሞት የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት ማሠራጫ ስለነበረው ድምፁ እስከ እስያ ይሰማ ነበር። የሃይማኖት ጣቢያ ይባል እንጂ አብዛኛው ፕሮግራሙ ዜና፣ ትምህርትና ጤና ነበር። አድማጩን የሚያውቀው ከየአገሩ በሚመጣው ደብዳቤ ነው። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ።

ደብዳቤ መልካም ነው፤ ግን ደብዳቤ የሚጽፈው መጻፍ የሚችል ብቻ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሳይጀመር በፊት አብዛኛው ሕዝባችን ፊደል አልቆጠረም ነበር። ስለዚህ ደብዳቤውን ቆጥሮ አድማጬን አወቅሁ ማለት፣ ጥቂቱን አይቶ ብዙውን መርሳት ነው።

ይህን ነገር ከተረዱት አንዱ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ነው። የቀን ቅኝት የተባለውን ተከታታይ የራዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል አቀረበ። ድራማው የሚያስተምረው ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ነበር። ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት ሕዝቡ ምን ያውቃል፣ ምንስ ያምናል ተብሎ ተጠና። ከ15,000 የሚበልጥ ደብዳቤም መጣ። እነሱ ግን ደብዳቤ ቆጥረው አልተቀመጡም። ወደ ጤና ጣቢያዎች ሄደው፣ ለቤተሰብ ምጣኔ አዲስ የሚመጣውን ሰው ድራማውን ትሰማለህ ወይ ብለው ጠየቁ። ድርጅቱ እንዳሳወቀው ከ100 አዲስ መጪዎች 63ቱ ድራማዎቹን የሚሰሙ ሆነው ተገኙ። መስማት ማለት እንግዲህ ይኸ ነው። ሰው ሰምቶ እግሩን ሲያነሣ ነው።

የጋዜጠኝነት ትምህርትም እንዲሁ ቀስ ብሎ መጣ። የቀድሞዎቹ ብዙዎቹ ሙያውን የተማሩት ከታላላቆቻቸው አጠገብ ተቀምጠው ነው። በኋላ በእኛው አካባቢ በገርጂ ያለው ዩኒቲ ጋዜጠኝነት አስተማረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ1996 ዓ.ም. የጋዜጠኝነት ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከትምህርቱ መጀመሪያ አንዱ ለማን ነው የምትናገረው የሚለው ነው።

አሁን ደግሞ ዘመኑ የኢንተርኔት ሆኗል። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በራዲዮ የተሰራጨ ጨዋታ ያመለጠው ሰው ዛሬ ከስልኩ ፈልጎ ያገኘዋል። አዲስ ስታንዳርድ በ2003 ዓ.ም. በወረቀት የተጀመረ መጽሔት ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. ኅትመቱን አቁሞ በኢንተርኔት ብቻ ቀጠለ። ስንት ሰው እንደከፈተው ቁጥሩ ወዲያው ይታያል። ነገር ግን መክፈት ማንበብ አይደለም። ደግሞም ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ በእሱ ብቻ የሚተላለፍ መልእክት ሁሉ ባለበት ቀረ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ድሮ ሰፈራችን አንድ ላይ በነበረበት ጊዜ ጡሩምባ ይበቃ ነበር። ዛሬ አባሎቻችን ግማሹ ሰሚት፣ ግማሹ አያት፣ ግማሹ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ናቸው። ጡሩምባው እዚያ አይደርስምና መርዶና የቀብር ሰዓት በቴሌግራም መላክ ተጀመረ። ለወጣቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስልካቸው ለመደወልና ለማንሣት ብቻ የሆነ እናቶችና አባቶች አሉ። እነሱ ከቀብር ሲቀሩ ተነግሯል እየተባለ መቀጫ ይጻፍባቸዋል።

እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ያሳለፍኩ ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ ወጪ ተብሎ መመዝገቡና ለባለቤቱ መድረሱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ለዚህ ነው ተቀባዩ የሚፈርምበት የማስረከቢያ ደብተር የተበጀው።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቴሌግራም የሌለው አባል ስም ተለይቶ ይመዝገብ፤ ለእያንዳንዱም በስልክ የሚደውልለት ወይም በር የሚያንኳኳለት ጎረቤት ይመደብለት። ሁለተኛ፣ ከቀብር የቀረ አባል መቀጫ ከመጻፉ በፊት መልእክቱ ደርሶት እንደነበር ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ በምን እንደምንጠራራ ከወዲሁ ይወሰን።

ዕድር የተቋቋመው ማንም ብቻውን እንዳያለቅስ ነው። ሐዘንተኛው ድንኳን ውስጥ ሆኖ የሚቆጥረው የተላከውን መልእክት አይደለም፤ የመጣውን ሰው ነው።

ጤናና ሰላም ለሁላችንም ይስጠን።